ቅቤ የተቀባ ማርሽ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ደግ ሰው ገፍቷችሁ ገደል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ክፉ ሰው ሲገፋ ቢያንስ ፊቱን አይታችሁ ትጠነቀቃላችሁ፤ ብትወድቁም የምትረግሙት አታጡም። ደግ ሰው ግን መጀመሪያ ይመርቃችኋል፣ ግንባራችሁን ይስማችኋል፣ ከዚያ ይገፋችኋል። የጥንት ሰዎች «ከጠላቴስ እኔ እጠነቀቃለሁ፣ ከወዳጄ አንተ ጠብቀኝ» ብለው የጸለዩት ወደው አይመስለኝም። እነሱም ጎረቤት ነበራቸው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ አንድ ብስክሌት ነው። አትሳቁ። መንግሥታት ከዚህ ባነሰ ነገር ፈርሰዋል፤ አንብቤያለሁ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አገሬ ተመልሼ የምኖረው ቡራዩ፣ በታናሽ ወንድሜ በግርማ ቤት ነው። የቆየሁበት አገር ብስክሌት ከሰው የሚበዛበት፣ ዝናቡ የማያባራ፣ ጎረቤቱ የማያናግር ነበር። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ስደረድር ኖሬ ሁለት ነገር ተማርኩ፤ ዝም ብሎ ማንበብንና የገዛ ብስክሌትን በገዛ እጅ መጠገንን። ስመለስ ሻንጣዬን የከፈቱት ዘመዶቼ ልብስና ሽቶ ሲጠብቁ የማርሽ እጀታ፣ ሽቦና ካቴና ቢወጣላቸው ፊታቸው ጠቆረ። የፈነጠዘችው የግርማ ልጅ ሐዊ ብቻ ናት። እሷ ሰበታ ከሚኖር፣ ጉልበቱን አሞት ውድድር ከተወ ሰው ባዶ የእሽቅድምድም ብስክሌት ፍሬም አግኝታ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ነበር። ሌላው ሰው ሥዕለ ማርያምን እንደሚያይ ጠዋት ማታ ታየዋለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ክለብ ሱሉልታ ላይ ሴት ብስክሌተኞችን አወዳድሮ ሁለት ሊወስድ መሆኑ ተሰማ። ግርማም ፍርዱን ሰጠ። ከተመረጠች ትጋልብ፤ ካልተመረጠች ብስክሌቱ ይሸጣል፣ እሷም እናቷ ዘመድ ለምና ሥራ ወዳገኘችላት ሰበታ ወዳለው ፋብሪካ ክር ልትጠቀልል ትሄዳለች። ግርማ ክፉ አባት አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ልጅቷ ትጣላው ነበር። እያዘነ ነው የፈረደው፤ ስለዚህ ይግባኝ የለውም።

እኛም ግቢው ውስጥ መገጣጠም ጀመርን። ቸርኬው ገባ፣ መሪው ቆመ፣ ፍሬኑ ያዘ። ማርሹ ግን እምቢ አለ። ለማያውቅ ላስረዳ። የኋላው ጎማ ላይ ከትንሽ እስከ ትልቅ ጥርሶች ተደርድረዋል። ካቴናው ትልቁ ላይ ሲወጣ ዳገቱ ይቀላል፤ ትንሹ ላይ ሲወርድ ሜዳው ይበራል፣ ዳገቱ ግን ጉልበት ይሰብራል። ካቴናውን የሚያመላልሰው መሪው ላይ ካለው እጀታ የሚነሣ ቀጭን ሽቦ ነው። የእኛ ካቴና ሲያሰኘው ሁለት ጥርስ ይዘላል፣ ሲያሰኘው መሐል ላይ ቆሞ እንደ ዕድር ስብሰባ ይንጫጫል። ለካ ፍሬሙ ከሰበታ ሲመጣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በጎኑ ታስሮ ኖሮ ማርሹ የሚታሰርበት ብረት ጎብጧል። አቃናነው። ሽቦውን ወጠርን፣ አላላን፣ እንደገና ወጠርን። የሽቦውን ልባስ ቀየርን። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ካቴናው እንደ ሰለጠነ ሰው ተራውን ጠብቆ መውጣትና መውረድ ጀመረ። እጀታው ብቻ ጠጠር ይላል። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቃል» አልኳት።

ይህን ስል አጥር የምንጋራቸው አሮጊት፣ አደ ቦንቱ፣ ሰምተዋል።

ሐዊ በአደ ቦንቱ እጅ ያደገች ናት ማለት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ትኩስ ቅቤ በጎድጓዳ ሳህን ይዘው መጡና «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ» ብለው አናቷን ቀቡ፣ መረቁ፣ «ጀባዹ፣ በርቺ» አሏት። እስከዚህ ድረስ እኔም አሜን ብያለሁ። ቀጥለው ወደ ብስክሌቱ ዞሩና መሪውን ቀቡት። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ «አብሯት የሚሄደው እሱ አይደል? እሷ ተመርቃ እሱ ሳይመረቅ ሊቀር ነው?» አሉኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ግርማ ክንዴን ያዝ አድርጎ «እትዬ ጽጌ፣ በናትሽ፣ ባህል ነው» አለ። ባህል ከተባለ ምን ይባላል? ተናድጄ ቤት ገባሁ። ስመለስ ሐዊ ግቢውን እየዞረች ማርሹን ትቀያይራለች። እጀታው እንደ ማር ለስልሷል። «ይለቃል ብዬሽ አልነበር?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

እሑድ ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ተኮናትረን ሱሉልታ ገባን። አደ ቦንቱም በጋቢ ተጠቅልለው ከፊት ወንበር ተሰይመዋል። የሱሉልታን የንጋት ብርድ የማታውቁ ካላችሁ አትወቁት። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ጆሮ የማን እንደሆነ ይረሳል። ሐዊ ሰውነቷን ልታሟሙቅ ጥቂት ጋልባ ተመለሰችና «አክስቴ፣ አይዝም» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ሽቦ ቀጥኗል።

እጀታውን ገፋሁት። ያለ አንዳች ድምፅ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ ካቴናው ንቅንቅ አላለም። ያለው ደግሞ ትንሹ ጥርስ ላይ ነው። ሽቦው እንዲያርፍ ብላ ማታ እዚያ ላይ አሳድራዋለች። በዚህ ማርሽ ከፊቷ ያለውን ዳገት መውጣት ጎተራ አዝሎ መሰላል እንደመውጣት ነው። የእጀታውን የጎማ ሽፋን ገልጬ ወደ ውስጥ አየሁ። ነጭ ነው። ሽታውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የረጋ ቅቤ፤ ሽቦውን የምትስበው ትንሽ ምላስ በውስጡ ተጣብቃ አልነክስ ብላለች።

ወደ አደ ቦንቱ ዞርኩ። ምንም አልደበቁም። «ጠጠረ ስትዪ ሰምቼ በጣቴ ወደ ውስጥ ጨመርኩለት። የኔን ጉልበት ያላላው ምን ይመስልሻል?» አሉኝ። ቡራዩ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የቀለጠ ቅቤ ሱሉልታ ሲደርስ ድንጋይ እንደሚሆን የነገራቸው የለም። ወደ ሐዊ ዞርኩ። አይታ ነበር። ሲጨምሩ ቆማ አይታለች። «ታዲያ ምን ልበላቸው አክስቴ? አሳድገውኝ፣ ባርከውኝ፣ እጅዎን ያንሡ ልበል?» አለች። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የሚገድለው ግን እልፍ ነው።

እጀታውን በትንፋሼ አሞቅኩት። በብብቴ ያዝኩት፤ ብስክሌት አቅፌ ሜዳ ላይ የቆምኩ አሮጊት ሆንኩ። ሰው ከበበን። አንዱ ክብሪት ለኩሱበት አለ፣ ሌላው በጥፊ ምቱት አለ። ከሌላ ቡድን ጋር የመጣ አንድ ቀልደኛ ደግሞ ቅቤው ካለ በሶው አይጠፋም፣ ጭኮ ሠርተን ቁርስ እንብላበት ብሎ ሰውን አሳቀ። ግርማ ሮጦ ከሻይ ሻጭ ፍል ውሃ ከነማንቆርቆሪያው ይዞ መጣ። ገና ማፍሰስ ስጀምር ተወዳዳሪዎች መስመር ላይ ተባለ። ትንሽ እንዲጠብቁን ለመንኩ። ዳኛው ሰዓቱን እያየ «እማማ፣ ብርዱ ለሁሉም ነው» አለኝ። ፊሽካው ተነፋ። ልጅቷ ውሃው ከእጀታው እየተንጠባጠበ፣ በዚያ በማይገፋ ማርሽ ከሁሉም ኋላ ተነሣች።

ያኔ ነው ለአደ ቦንቱ «የልጅቱን ዕድል በጣትዎ ደፈኑት» ያልኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ግርማ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ መንገዱን ያያል። ውሃው ቀዘቀዘ።

ፀሐይ ወጣ ስትል ተወዳዳሪዎቹ ዳገቱ ጫፍ ላይ ብቅ አሉ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ቀድማ መጣች። ሁለተኛዋ ሐዊ አልነበረችም። ሦስተኛዋ ነበረች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ብስክሌቱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘች፣ ፊቷ የሰው ፊት ሳይመስል መስመሩን አለፈችና መሪው ላይ ተደፋች። ሁለት ብቻ ነው የሚወሰደው። ግርማ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

የክለቡ አሰልጣኝ መጣና ካቴናው ያለበትን ጥርስ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ብሎ ሐዊን አየ። ዳገቱን በዚህ ነው የወጣሽው ሲላት በአናቷ አዎ አለችው። ሌሎቹ ዳገት ገና ሲሸታቸው ማርሽ ያቀላሉ፤ እንዲህ ያለ እልህ በዘመኔ አላየሁም ብሎ አንደኛዋንና ሐዊን ወሰደ። ሁለተኛ የወጣችው ልጅ፣ ማርሿን በሥርዓቱ የቀያየረችው፣ ቆማ ታለቅሳለች። ሐዊ ለምን እንዳልቀየረች አልተጠየቀችም፤ እሷም አልተናገረች።

ቡራዩ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ያሸነፈው ቅቤው ነው ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ አደ ቦንቱን እጅ ይነሣል። እሳቸው ግን በእኔ ቃል ተቀይመው ደጃችንን አይረግጡም ተባለ። በሳምንቱ ኦቦ ለሚ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ አደ ቦንቱን አስከትለው ለእርቅ መጡ። ልጅቷ ተመረጠች፣ ታዲያ ምን ጎደለብሽ አሉኝ። ቤት ያቃጠለ ሰው ከአመዱ ሥር ወርቅ ቢገኝ ግንበኛ ይባላል ወይ አልኳቸው። «አንቺ መጽሐፍ አብዝተሻል» ብለው ሳቁ። ሐዊ «አክስቴ፣ በሞቴ» አለች። ግርማም «እትዬ፣ ይቅር ማለት ምን ያስከፍላል? በክፋት አላደረጉት» አለ።

በክፋት አላደረጉት። እናታችን ስትሞት ግርማና ዘመዶቼ መርዶውን ዓመት ሙሉ የደበቁኝ በክፋት አልነበረም፤ በሰው አገር ብቻዋን እንዳትደነግጥ ብለው ነው። ዓመቱን ሙሉ በስልክ እንዴት ናት ስል ደኅና ናት ይሉኝ ነበር፤ ሰላም በሏት እላቸው ነበር። ያኔም በክፋት አይደለም፣ ይቅር በይ አሉኝ። ያኔ ይቅር አልኩ።

ዝም ብዬ ሳያቸው ኦቦ ለሚ ዝምታዬን እሺታ አድርገው ተነሡና ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም አሜን አለ። እኔ አላልኩም። አደ ቦንቱን ይቅር አልልም። ግርማን ይቅር አልልም፣ ሐዊንም ቢሆን። መልስ ሳይሰሙ የመረቁትን ሽማግሌም እንዲሁ። ማንንም ይቅር አልልም።