የሐሙሱ ጉብታ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ጋቢ ይሸለማል አይደል? ጎረቤቴ ጋሼ መስፍን የተሸለሙት ግን ቴርሞግራፍ ነው።

ምንድን ነው አትሉኝም? ጣሳ የምታህል ነገር አለች፤ ወረቀት ተጠቅልሎባት በሳምንት አንዴ ትዞራለች። ቀጭን ብዕር ደግሞ ሙቀቱን ትስልባታለች፤ ሲሞቅ ሽቅብ፣ ሲበርድ ቁልቁል። ጋሼ አየር ማረፊያ ሲሠሩ ለአብራሪዎች የሚነገረው ሙቀት በዚህች መሥመር ይመሳከር ነበር። ዲጂታሉ ሲመጣ አሮጌውን ለእሳቸው ሰጧቸው። «ሰው ይዋሻል፣ ቴርሞግራፍ አይዋሽም» ማለት ይወዳሉ።

ታዲያ በቀደም ጎተራ ያለችው ልጃቸው ወለደችና ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ለሳምንት ሊሄዱ ሆነ። ጋሼ ሪህ አለባቸው፤ ሐኪም ሥጋ ከልክሏቸዋል። እትዬም «ሽሮህን እቤትህ ሠርተህ ብላ፣ ሥጋ ቤት ከሄድክ ግን ሁለተኛ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» አሉ። ከዚያ ቴርሞግራፉን አዲስ ወረቀት አልብሰው ከኤሌክትሪክ ምድጃው በላይ መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። እኛ ለጌጥ መስሎን!

ሳምንቱን ሙሉ ካዛንቺስ ከፈረሳ የተረፈች አንዲት ሥጋ ቤት ከረምን። ማን አብሯቸው በላ? እኔ ነኛ።

እሑድ ጠዋት፣ እትዬ ሊመጡ ሲሉ፣ ጋሼ ወረቀቱን አዩና ላብ አጠመቃቸው። መሥመሩ ቀጥ ብሏል። ምድጃው አንድም ቀን እንዳልተለኮሰ ያሳብቃል። የተማርኩት እኔ መላ መታሁ፦ ጣሳዋን በእጅ እያዞርን፣ የየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ስንደርስ ከሥር ሻማ መለኮስ። ጋሼ ስንት ዓመት የታመኑበትን መሥመር በገዛ እጃቸው ሲያበላሹ አሳዘኑኝ። ግን ምን የመሰለ ጉብታ ወጣ መሰላችሁ! ለየቀኑ አንድ።

እትዬ መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ ጋሼን መረቁ። እኔም እፎይ አልኩ። ጣታቸው ሐሙስ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ስልካቸውን አወጡና የሕንፃችንን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ የተላከ መልእክት ነው፦ «ኧረ ጎረቤቶች፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ እንደጠፋ ነው፤ ለማን እንደውል?»

ላኪው ማን ይመስላችኋል? እኔ! ምሳችን ከሰል ላይ ስለተጠበሰ ረስቼው።

«አይ መስፍን» አሉ እትዬ፣ «ውጭ ብትበላ ይቅር የምልህ አንድ ቀን ሐሙስ ነበር፤ እሱን ቀን ደግሞ ሠራህ!»

ይኸው እትዬ እንደዛቱት እስካሁን ከቤት ንቅንቅ አላሉም። ጋሼም አባባላቸውን አሻሽለዋል። ቴርሞግራፍ አይዋሽም፣ ጎረቤት ካላስተማረው በቀር ይላሉ፤ እኔን እያዩ።