ጋሽ ቀስበል ሳያዩት አይገዛም

ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ “እሳቸው ይዩልህ” የሚባልለት ሰው የሌለበት ሰፈር ግን የለም። ይህ ሰው መካኒክ አይደለም፤ ደላላም አይደለም፤ ከሽያጩ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ሥራው እርስዎ በጓጉለት ነገር ላይ ዓይኑን አጥብቦ፣ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቅንቆ ደስታዎን ማበላሸት ነው። ሳይጠሩት ከገዙ ደግሞ ዕድሜ ልክዎን ይታዘብዎታል።

የእኛን ሰፈር መንበር የያዙት ክቡር ጋሽ ቀስበል ናቸው። ዝምድና የለንም፤ የምንጋራው አጥር ብቻ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ሲሆን፣ እኛ የምናውቀው ከአፋቸው የማትጠፋውን “ቀስ በል!” ነው። በማተሚያ ቤት አራሚ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሲያሳድዱ ስለኖሩ ከሥራ ሲወጡም ዓይናቸው አያርፍም። ፍሪጅ ያያሉ፣ ሶፋ ያያሉ፣ አልጋ ያያሉ። ሞተር ሳይክል ሲሆን ግን ማዕረጋቸው ከፍ ይላል፤ ሃያ ዓመት የነዷት አንዲት ጥቁር ሞተር አለቻቸው፣ በሃያ ዓመት ውስጥም አንድ ቀን ስትሮጥ ታይታ አታውቅም።

በቅርቡ የእሳቸው ዕጣ በእኛ ቤት ላይ ወደቀ። ታናሽ እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። አንድ ዓመት ደጅ ጠንታ፣ ከከተማው ዳር ያሉ እርጉዞችን ቤት ለቤት እየዞረች የምትከታተልበት ሥራ አገኘች። ደብዳቤው ሥር ግን አንዲት መስመር ነበረች፦ ሰኞ ጠዋት የራሷን ሞተር ሳይክል ይዛ ካልቀረበች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ደብዳቤው የደረሳት ማክሰኞ ነው። መንጃ ፈቃድ አላት፣ ያጠራቀመችው አላት፣ ሞተር የላትም። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ጋሽ ቀስበልን ጠራሁላት።

እስከ ዓርብ አምስት ሞተር ጣሉ።

የመጀመሪያዋን የጣሏት ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ነው። ጋሽ ቀስበል አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው፦ ሞተር ቀዝቅዛ ካልጠበቀቻቸው አያዩዋትም። እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ የእጃቸውን ጀርባ ሆዷ ላይ አሳረፉና ሻጩን ቀና ብለው አዩት።

“ይቺ ልጅ ትኩሳት አለባት።”

“አይ… እንዲያው ለእናንተ ብዬ ጠዋት ትንሽ አስነሥቻት…”

“ለእኛ ብለህ ሳይሆን፣ ቀዝቅዛ አልነሣም ብላህ ነው።”

ሰውዬው መማል ጀመረ። ጋሽ ቀስበል መሐላ አይሰሙም። “ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ባለ ብረቱ ነው” ብለው ወጡ።

ሁለተኛዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ ግራ ትስብ ነበር። ሦስተኛዋን ግን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ጋሽ ቀስበል ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው፣ በርከክ ብለው፣ የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር እያስተያዩ እንደ ጽሑፍ አረሟት። አንዷ ስምንት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። “ይቺ ስምንት ትናንት ሦስት ነበረች” አሉ። ሻጩ “ውኃ ጠጥቼ ልምጣ” ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ እንደገባም ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ቀን አጎንብሼ ጫማቸውን ልስም ቃጥቶኝ ነበር። እህቴ ያን ሞተር ገዝታ ቢሆን ኖሮ እርጉዞቹን የምትጠይቀው ከፖሊስ ጣቢያ ሆና ነው።

አራተኛዋ ቀለሟ ከሚገባው በላይ አዲስ ሆነ። አምስተኛዋ ምንም እንከን አልነበራትም፤ ባለቤቷ ግን ሲበዛ ሳቀ። እህቴ እዚህ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

“ጋሼ! ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል! ሰኞ ደረሰ እኮ!”

“ቀስ በይ ልጄ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።”

“እሺ አፍስሼ ልልቀም! ሥራው ብቻ አይለፈኝ!”

ጋሽ ቀስበል መነጽራቸውን ጠረጉ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ መጨረሻዋ ሄድን። ባለቤቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀይዋ ሞተር ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ቁራጭ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። ሆዷ ቀዝቃዛ ነበር። በመጀመሪያው እርግጫ ተነሣች። ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ፍሬን፣ ማርሚታ፣ ቁጥር፣ ሁሉም ልክ ነው። ጋሽ ቀስበል ስህተት ሲያጡ ጊዜ ይባስ ተጨነቁ።

“ይህን ያህል ደኅና ከሆነች ለምን ትሸጣታለህ?”

“ጉልበቴ ነው ጋሼ። ሐኪም ከለከለኝ።”

“እስቲ ቁጢጥ በል።”

ምስኪኑ ልብስ ሰፊ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ቋ! ሲል ሁላችንም ሰማን። “እውነቱን ነው” አሉ ጋሽ ቀስበል፣ “አሁን ትነዳና ትታያለች። ኢንሹራንሱን አምጣልኝ።”

ኢንሹራንሱ ካለፈበት ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

እህቴ ለመነች፣ እኔ ለመንኩ፣ ልብስ ሰፊው ለመነ። ለሙከራ እኮ ነው፤ እስከዚያ ጥግ ደርሶ መመለስ! “አደጋ እስከዚያ ጥግ ድረስ አልመጣም ብሎ የፈረመላችሁ አለ?” አሉ። ኢንሹራንስ ቢሮው ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ስለዚህ በጥሩ ሁኔታ የምትሠራዋን ሞተር በፀሐይ እየገፋን ሄድን፦ እኔ ከኋላ፣ እህቴ መሪውን ይዛ፣ ልብስ ሰፊው እያነከሰ፣ ጋሽ ቀስበል ከፊት ሄልሜት አድርገው በእግራቸው። መንገደኛው ሁሉ “ነዳጅ አለቀባችሁ?” ይለናል። አንዱማ አዝኖ ጠርሙስ ይዞ መጣ።

የቢሮዋ ሠራተኛ ጋሽ ቀስበልን ከበር ስታይ ዓይኗን ጨፈነች። ይተዋወቃሉ ማለት ነው።

“ሦስተኛ ወገን፣ በባለቤቱ ስም። ሲሸጥ ስሙ ይዛወራል” አሉ ጋሽ ቀስበል፣ ልትናገር ያሰበችውን ቀድመዋት። ክፍያውንም ከራሳቸው ኪስ አወጡ፤ “ሙከራውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ” ብለው ማንንም አላስነኩም። “ውሉ የሚጸናው ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከዛሬ ጀምሮ።”

“ዛሬ ረጅም ነው የኔ እመቤት። ሰዓቱ ይጻፍልኝ።”

“ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ የለውም እኮ ጋሼ!”

“ጠርዙ ላይ ክፍት ቦታ አለ።”

ጻፈችላቸው። አምስት ሰዓት ከሃያ። ሁለቴ አንብበው፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካክለው፣ ወደ ግቢው ወጡና ቀይዋ ሞተር ላይ ተቀመጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰፈራችን እስካሁን እየተቀባበለ ያወራዋል። ጋሽ ቀስበል ሰው ከሚራመደው ባልፈጠነ ፍጥነት ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ጆሯቸውን ወደ ሞተሯ ሆድ ዘንበል አደረጉ፤ ድምፅ እያዳመጡ ነው። ፊታቸው ላይ በሕይወቴ አይቼባቸው የማላውቀው ፈገግታ መጣ። እንዲህ ፈገግ እንዳሉ፣ ራሳቸውን እንዳዘነበሉ፣ ቀስ ብለው ሄደው የቢሮው ሥራ አስኪያጅ መኪና በር ላይ ተላተሙ።

የመኪናው በር ገባ። የሞተሯ የፊት መብራት ደቀቀ። ጋሽ ቀስበል በጀርባቸው አስፋልቱ ላይ ተዘርረዋል። እህቴ ጮኻ ስትደርስ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል “ስንት ሰዓት ነው?” የሚል ነበር።

“አምስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ!” አለች ሠራተኛዋ በመስኮት፣ ራሷን ይዛ።

“አሥራ አንድ ደቂቃ” አሉ ጋሽ ቀስበል፤ ወደ ሰማይ እያዩ፣ እንደ አሸናፊ።

ሥራ አስኪያጁ የሚቆጣበትን ሰው አጣ፤ የመኪናውን በር የሚያሠራው የገዛ ቢሮው ነው። ጋሽ ቀስበል ተነሥተው ራሳቸውን ሳይሆን ሞተሯን ዳሰሱ፤ መሪዋ ቀጥ እንዳለ ነው፣ የፊት ጎማዋን የያዘው ሹካ አልተጣመመም። “ወድቃም አየኋት” አሉ እህቴን። “ግዢያት።”

ተገዛች። መብራት በሌላት ሞተር ግን ሰኞ መቅረብ አይቻልም፤ የመለዋወጫ ሱቆቹ ደግሞ ከቅዳሜ እኩለ ቀን እስከ ሰኞ ዝግ ናቸው። እህቴ እሑድ ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። አመሻሽ ላይ ጋሽ ቀስበል በአጥሩ በኩል መጡ፤ መብራት በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። “ዕቃ ስበረብር አገኘሁት” ብለው ገጠሙላት፣ አሥር ጊዜ አብርተው አጠፉ፣ ሄዱ። ሰኞ እህቴ ከሰዓቱ ቀድማ ደረሰች። አሁን ሃያ ሦስት እናቶች የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ ይለዩታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ነገር ታዘብኩ። ጋሽ ቀስበል ወደ ሥራ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ሲሄዱ ሃምሳ ደቂቃ፣ ሲመለሱ ሃምሳ ደቂቃ። “ምነው ጋሼ፣ ሞተሯ?” ስላቸው “ትረፍ ብዬ ነው” አሉኝ። በአጥሩ አጮልቄ አየሁ። ጥቁሯ ሞተር በሸራ ተሸፍናለች፤ ከፊቷ ባዶ ቀዳዳና በፕላስተር የተጠቀለሉ ሁለት ሽቦዎች ይታያሉ። መብራት በሌላት ሞተር በቀትርም አይወጡም፤ ሕጋቸው ነው። ለእኛ ሲሉ ሃያ ዓመት የነዷትን አሳውረዋታል፤ የእሷ ዓይነት መብራት ደግሞ መሠራት ካቆመ ቆይቷል።

አዝኜም አፍሬም ሳምንቱን ሙሉ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትን መደብር ሁሉ ዞርኩ። በመጨረሻ አንዱ ጋ የእሷን ዓይነት መብራት አገኘሁ። ሻጩ ሊጠቀልልልኝ ሲል “ቀስ በል” አልኩት። መስታወቱን ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁ፣ ከኋላው ያለውን ቁጥር አነበብኩ፣ ይህን ያህል ደኅና ከሆነ ለምን እንደሚሸጠው ጠየቅሁት።

ሰውዬው መጠቅለያውን አስቀመጠ።

“ወንድሜ፣ ያ ማጉያ መነጽር የያዘው ነዝናዛ ሽማግሌ ዘመድህ ነው እንዴ?”

“አጎቴ ናቸው” አልኩት። “አሁን ባትሪ አምጣና አብራልኝ።”