ጋሽ ታደሰን በቁማቸው አለቀስኩላቸው

ወገን፣ ዛሬ ደህና ሰው ፊት ቆሜ «ወይኔ ጋሼ፣ ምነው ሳልሰናበትዎት!» ብዬ ደረቴን ደቅቻለሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ንገሩኝና ልቀጥል።

እዚህ ገጽ ላይ የቆያችሁ ታውቃላችሁ፣ ባይፖላር የሚባል ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም አለብኝ። ከፍ ስል ጦር ኃይሎች ለታክሲ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ ምሳ ካልጋበዝኩ እላለሁ። ዝቅ ስል ብርድ ልብስ ውስጥ እኖራለሁ። ክረምቱን በሙሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ።

መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ከሱ ጋር ደግሞ ሲቢቲ የሚባል የንግግር ሕክምና ጀምሬያለሁ። አማካሪዬ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፦ «ከቤት ወጥተሽ ሰው ያለበት ግቢ። ክፉ ሐሳብ ሲመጣብሽ ደግሞ ማስረጃ አምጣ በይው።»

እኔ ሆዬ የመጀመሪያውን ብቻ ይዤ!

ዛሬ በመስኮት ሳይ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ደጅ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሰሞኑን አሟቸው ነበር። እማዬም ቤት የለችም።

በቃ፣ ሞተዋል! አንድ ቀን እንኳን ሳልጠይቃቸው!

ጥቁር ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፣ ለወራት ያልረገጥኩትን ደጅ ወጣሁ። እያለቀስኩ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ። እማዬ ጭልፋ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ጋሽ ታደሰ ሱፍ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተው ቆመዋል!

ሰርግ ነው! ልጃቸውን እየዳሩ ነው! መብራት ጠፍቶ ዘፈኑ ቆሞ ነው እንጂ እኮ እሰማ ነበር። እማዬ «ነግሬሽ ነበር» አለች። ተሸፋፍኖ ማን ይሰማል?

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ወደ አልጋዬ ልሮጥ ዞርኩ። እውነቴን ነው፣ ያኔ ብገባ መቼ እንደምወጣ እኔም አላውቅም።

ጋሽ ታደሰ እጄን ያዙኝ። «ነይ ልጄ፣ የት ትሄጃለሽ? ለቅሶዬን እንኳን በዓይኔ አየሁት! ልጆቼ ራሳቸው እንዲህ አያለቅሱልኝም» አሉና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። የራሴን ሳቅ ረስቼው ነበር እኮ!

በላሁ። መብራት ሲመጣ በዚያው ጥቁር ቀሚሴ እስክስታውን አስነካሁት! እማዬ «ከፍ እያለች ይሆን?» በሚል ዓይን አየችኝ። አይደለም እማ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ለማንኛውም እንቅልፌ እንዳይዛባ ሳይመሽ ገባሁ።

አሁን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ድንኳን ስላየሁ ብቻ ጋሽ ታደሰን ገደልኳቸው። «አንቺማ አበቃልሽ» የሚለኝን ሐሳብ ሳላጣራ አምኜ፣ ራሴንስ ስንቴ በቁሜ ቀብሬ ይሆን?