እሽግ ማስቲካ በበግ ዋጋ

ሰው ዕቃ አይወድም! የሚወደው «ጠፋ» የሚለውን ወሬ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እርስዎ ራስዎ፣ ስኳር በየሱቁ ሞልቶ ሳለ «ለጤናዬ» ብለው ሻይዎን መራራ ይጠጡ የነበሩት ሰውዬ፣ «ስኳር ሊጠፋ ነው» ሲባል ፌስታል ይዘው አልተሰለፉም? አይፈሩ፤ ከኋላዎ የቆምሁት እኔ ነበርሁ።

ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ፣ ያ ግምገማ የበዛበት ዘመን ነው፣ ቢኒያም የሚባል ወጣት የጂኦግራፊ መምህር ከአዲስ አበባ መጣ። ሌላው መምህር በእረፍት ሰዓት ስለ ደረጃ እድገት ሲያወራ እሱ የሚያወራው ስለ ማስቲካ ነበር። የኳስ ተጫዋች ፎቶ በውስጡ ይዞ ይመጣ የነበረው ማስቲካ ትዝ ይልዎታል? ማስቲካው ለአፍ፣ ፎቶው ለኪስ! ቢኒያም ፎቶውን ይሰበስባል።

«ጋሼ፣ ፎቶውማ በየቤቱ አለ» አለኝ አንድ ቀን። «የጠፋው እሽጉ ነው።»

«ለምን ጠፋ?»

«የትኛው ልጅ ነው ማስቲካ ገዝቶ ሳይከፍት የሚያስቀምጥ? አሁን ደግሞ መምጣቱም ቀርቷል። ያልተከፈተ ባገኝ ለአንዱ የበግ ዋጋ እከፍላለሁ።»

«የምን በግ?»

«የፋሲካ!»

ልቤ ዘለለች። የሚስቴ የብርቱካን አክስት፣ እቴቴ ጥሩነሽ፣ ቡሬ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላቸው፤ ነገር መጣል አይሆንላቸውም። የዚያ ማስቲካ ካርቶን ከመደርደሪያቸው ሥር አቧራ ለብሶ በዓይኔ አይቻለሁ!

ለብርቱካን ሹክ አልኋት። እሷ ከተጋባን ጀምሮ የምትመኘው ቡፌ ነው። ጎረቤታችን ገዝታ ብርጭቆዋን ከመስተዋት ጀርባ ካሰለፈች ወዲህማ ፍኖተ ሰላም ተቀምጠን ሰላም አጥተን ነበር።

«የቡፌውን ቦታ ልጥረግ?» አለች። ጠረገችውም።

ቅዳሜ ቡሬ ገባሁ። እቴቴ ጠላ አቀረቡልኝ፤ እንዳገሩ ወግ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ቀዱልኝ። እኔ ብልጡ ዋጋውን እንዳይጠረጥሩ ነገሩን ዞርሁት። ስለ ጤፍ ገበያ ጠየቅሁ፣ ስለ ወገባቸው ጠየቅሁ...

«እቴቴ፣ ያ የድሮ ማስቲካ መቼም አሁን የለም?»

«አለ እንጅ! ማን ይበላዋል ብለህ?»

«እንግዲያ ለአንድ የአዲስ አበባ እንግዳ ብወስድለት...»

«ለእንግዳ? ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ ልጄ!» ብለው ካርቶኑን አንስተው ጓዳ ገቡ።

ቆዩ። ከጓዳ የወረቀት ኮሽታ ይሰማኛል። አሽሞንሙነው እየጠቀለሉልኝ መስሎኝ በሐሳቤ ቡፌውን ከግድግዳው አስጠጋሁት።

ሲወጡ ጉንጫቸው አብጧል። በያዙት ሰፌድ ላይ ማስቲካው ራቁቱን ተደርድሯል። የእያንዳንዱ ጥግ ተነክሷል!

«እቴቴ! ምን... ምን አደረጉት?»

«ቀመስሁት ነዋ! ያልተቀመሰ ለእንግዳ ይሰጣል? ነገ ሆዱን ቢቆርጠው ‹ጎጃሞች መድኃኒት አቀመሱኝ› ይበል?»

«ፎቶዎቹስ?»

«እነዚያ ቁምጣ ለባሾች? ምድጃ ጨመርኋቸው።»

ያን ሁሉ በግ በአንድ ጊዜ ማጣት ቀላል አይደለም፤ እንባዬ መጣ። እቴቴ ግን ሆድ የባሰኝ በውለታቸው መስሏቸው ከመቀነታቸው አንዲት ማስቲካ አወጡ። እሽግ!

«ይችን መንጋጋዬ ዝሎ ተውኋት። አንተው ቀምሰህ ስጠው፤ በሞቴ!»

«እሽ እቴቴ።»

«ሳትቀምስ ብትሰጠው ቅበረኝ!»

ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ሐዘኔ ለቀቀኝ። ሌላው ሁሉ ከተቀመሰ ይቺ ብቻዋን ቀረች ማለት እኮ ነው! ማንኩሳ ስንደርስ ዋጋዋ ከበግ ወደ ወይፈን አደገ።

ቢኒያም ቤቴ መጥቶ ሲያያት አዲሱን ዋጋዋን ነገርሁት። «ወይፈን? ይሁን!» አለ። ለመስጠት እጄን ስዘረጋ ያ «ቅበረኝ» ጆሮዬ ላይ ጮኸ። የሆነውን ሁሉ ተናዘዝሁ። ለቡፌው ስትል «ተወው» እንድትለኝ ብርቱካንን አየኋት።

«አክስቴን ገድዬ ብርጭቆ ልደርድር?» አለች። «ቅመስ!»

«ጋሼ አይክፈቱት! ሁለት ወይፈን!» ቢኒያም ተንበረከከ ማለት ይቻላል።

ብርቱካን የተጠረገውን ጥግ አየች። ዓይኗን ጨፈነች። «ቅመስ አልሁህ!»

ቀደድሁት። ማስቲካው ድንጋይ ሆኗል፤ ስነክሰው ጥርሴ ቋ አለ። ቢኒያም ወለሉ ላይ የወደቀውን ፎቶ አንስቶ ገለበጠው፤ ፊቱ በራ።

«እፎይ! ይሄን ሰውዬማ ሦስት አለኝ!»

እኔም በዚያች ደቂቃ ሁለት ወይፈን ባንድ ጉርሻ በላሁ... ያውም በዐቢይ ጾም!