ገመድ ያዡ

መኪና ውስጥ ከሾፌሩ የበለጠ ኃላፊነት የሚሰማው ተሳፋሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ከቦንጋ ወደ ደካ ስንጓዝ ጋቢና የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ስልኩን ከሚኒባሱ ቴፕ ጋር በገመድ አገናኘ። ገመዱ የተበላሸ ስለሆነ በሁለት ጣት ጠምዘዝ አድርገው ካልያዙት አይዘፍንም። ሰውዬው ያዘው። ሲይዘው ደግሞ መሐላ ያለበት ሰው ነው የሚመስለው!

መንገድ ላይ ጭቃ ያዘን። ሁላችንም ወርደን ስንገፋ እሱ ንቅንቅ አላለም።

"ወንድሜ፣ አንተ አትወርድም እንዴ?" አሉት ነጋዴዋ እትዬ ዘነበች፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እየገፉ።

"እትዬ፣ እኔ ከወረድኩ እኮ ሙዚቃው ይቋረጣል!"

እኛማ በዘፈኑ ምት እየገፋን መኪናዋን አወጣናት።

ደካ ስንደርስ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ለብሰናል። እሱ ክንዱን እያሻሸ ወረደና፣ "እናንተስ ወረድ ብላችሁ እግራችሁን አፍታታችሁ፤ ክንዴ የዛለው እኔ ነኝ!" አለን። እትዬ ዘነበችም፣ "አይዞህ ልጄ" አሉት።

እኔ ግን ቆርጫለሁ። ስመለስ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ተገኝቼ ጋቢናውን እይዛለሁ። ገመድም ገዝቻለሁ። ባለሱቁ ደህናውን ሲያወጣልኝ፣ "የለም፣ የተበላሸ ነው የምፈልገው" አልኩት።