ለፊት የተፈጨ ቫይታሚን

ድሮ መድኃኒት መሸጫዬ የሚመጣ ሰው የሚያመውን ይነግረኝ ነበር። አሁን ስልኩን ነው የሚያሳየኝ። ስልኩ ውስጥ ፊቷ እንደታጠበ ሰሃን የሚያበራ ልጅ የሆነ ነገር በጠብታ ትቀባለች፤ ደንበኛዬም ጣቱን ቀስሮ «ይኼን» ይለኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የመካነ ሰላም ሰው ግን «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አልከለከልኩም። እናንተስ ብትሆኑ ትከለክሉ ነበር?

ከሁሉ የሚፈለገው ቫይታሚን ሲ ነው። ለጉንፋን ብዬ ያመጣሁት ክኒን በየቤቱ እየተፈጨ፣ በጽጌረዳ ውሃና በግሊሰሪን እየተበጠበጠ ፊት ላይ ይውላል። ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ይቀመጥ፣ ቡናማ ሲሆን ይደፋ እያልኩ እመክራለሁ። ምክሩ በነፃ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ብዙው ሰው ክኒኑን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ዘሀራም ለዚሁ መጣች። አብረን የተማርን ነን። ልጇን ሂክማን በቅጡ መራመድ ሳትጀምር ከላላ ወረዳ፣ እናቷ ዘንድ ትታ ዓረብ አገር ሄደች፤ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስታጥብ ኖራ መመለሷ ነበር። ጉንጮቿን ማዲያት ወርሷቸዋል። በነዚያ ዓመታት ለልጇ ስትልከው የኖረችው ፎቶ ግን ሌላ ነው፤ ስልኩ ራሱ አቅልቶና አለስልሶ የሚያነሳው ዓይነት። የከላላ ኔትወርክ እየተያዩ ለማውራት ስለማይበቃ፣ ሂክማ የምታውቀው ያንን ፎቶና የእናቷን ድምፅ ብቻ ነው።

«የመጣሁ ሰሞን እናቴ ይዛት መጥታ ነበር» አለችኝ ዘሀራ። «አየችኝና ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ‹ፀሐይ ነው ያጠቆረኝ፣ አትፍሪኝ› ስላት፣ ‹ይቺ አይደለችም› አለች። ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለችው።»

ልጅ ናት፣ ትለምድሻለች ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ባለ መደርደሪያ ነኝ፤ ባለ መደርደሪያ ደግሞ ለሁሉም ነገር የሚሰጠው አያጣም። ክኒኑን ሰጠኋት፤ አፈጫጨቱን፣ አበጣበጡን ሁሉ አስረዳኋት። «ስንት ላድርግበት?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት። በ«ትንሽ» የሚለካ መድኃኒት ሸጬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሸጥኩ።

ሂክማ ተመልሳ የምትመጣው በገበያ ቀን ነበር። ቀኑ ሲቀርብ ዘሀራ ቸኮለች። ትንሹን አበዛችው። አንድ ቪዲዮ ላይ አይታ ሎሚም ጨመረችበት። በገበያው ዕለት ጠዋት ፊቷ እሳት እንደለበለበው ቀልቶ አብጦ ነበር። ልጅቷ ገባች፣ አንዴ ቀና ብላ አየቻት፣ ጮኸች። አያቷም ገበያውን ሳይገበዩ ይዘዋት ተመለሱ።

ቁስሉን እያየሁ ቅባት የሰጠኋት እኔው ነኝ። አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ሲድን ከበፊቱ ይልቅ ጠቆረ።

ባለፈው ሳምንት ባንኮኒው ጋ ቆማ ሳለ ስልኳ ጠራ። ሂክማ ናት፣ ከላላ ሆና። የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል። ልጅቷ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ መንታ ስለወለደችው በጋቸው አወራች፤ ሳቀች። የእናቷን ድምፅ እንዴት እንደምትወደው! ያቺ ሴት እናትሽ ናት ብለው አያቷ ነግረዋት ነግረዋት ደክሟቸዋል። አሁን ሂክማ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እማ፣ አንዲት ሴትዮ መጥታ አንቺ ነኝ ትላለች። ፊቷ ያስፈራል። አንቺ መቼ ነው የምትመጪው?»

ዘሀራ ባንኮኒውን ያዘች። «በቅርብ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለች። ቀጥላም፣ «ስመጣ ግን ፊቴ ጠቆር ብሏል፤ ፀሐይ ነው። አትፍሪኝ፣ እሺ?»



«ያቺ ሴትዮም እንዲህ ነው ያለችኝ» አለች ሂክማ።

ዘሀራ ልጅቷ እንዳትዘጋባት ብቻ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ «አለሁ ልጄ፣ አለሁ» ትላለች።