ዜሮ የሚያወጣው መላጊያ

[የእንጨት ሥራ ቤት ጥግ ላይ ያለች ጠባብ ቢሮ። ሥራ ቤቱ የሁለት ወንድማማቾች ነው፤ እኩል እኩል። ታላቁ ሒሳበኛ ነው፣ ወፍራም መዝገብ ገልጦ ተቀምጧል። ታናሹ አናጢ ነው፣ ጸጉሩ ሰጋቱራ ለብሶ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆሟል።]

አናጢው፦ እርሳሷ የልጄ ናት እያልኩህ! ከቦርሳዋ ሰርቄ ነው ያመጣኋት!

ሒሳበኛው፦ የማንም ትሁን! ሥራ ላይ ከዋለች ወጪ ናት። ጽፌያለሁ፣ አለቀ።

አናጢው፦ እሺ፣ ገንዘቧን ስጠኝና ለልጄ ልስጣት።

ሒሳበኛው፦ የምን ገንዘብ?

አናጢው፦ የጻፍከውን ነዋ!

ሒሳበኛው፦ እግዚኦ! መጻፍ ሌላ፣ መክፈል ሌላ! ለዚህ እኮ ነው አንተ መዶሻ፣ እኔ እስክሪብቶ የያዝነው። ሒሳብ የንግድ ዓይን ነው። ሒሳብ የሌለው ነጋዴ ዕውር ነው፤ አገርም ቢሆን ዕውር ነው።

አናጢው፦ ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ በር በዳበሳ ነው የሠራሁት?

ሒሳበኛው፦ በደንብ! አሁን ቁጭ በልና ስማኝ። [መዝገቡን ያዞርለታል] ከስረናል።

አናጢው፦ ኧረ በሕግ! ባለፈው ወር ብቻ ለትምህርት ቤቱ መቶ ሃያ ወንበር አስረክበን?

ሒሳበኛው፦ ወንበር አስረከብክ እንጂ ትርፍ መች አስረከብክ? ይኸውልህ፣ መላጊያ ማሽኑ። ዋጋው ዜሮ።

አናጢው፦ [በርግጎ ይነሳል] ተሰረቀ?!

ሒሳበኛው፦ ተቀመጥ እንጂ! አለ።

አናጢው፦ ተበላሸ? ዛሬ ጠዋት እኮ እንደ ቅቤ ነው የላገልኝ።

ሒሳበኛው፦ አርጅቷል። የእርጅና ቅናሽ ይባላል። የተገዛ ዕቃ በየዓመቱ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ይቀነስበታል። አምስት ዓመት ሲሞላው ዜሮ። የሒሳብ ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።

አናጢው፦ ማሽኑ ያውቃል?

ሒሳበኛው፦ ምኑን?

አናጢው፦ ዜሮ መሆኑን። ነገ አልሠራም እንዳይለኝ ብዬ ነው።

ሒሳበኛው፦ [ለራሱ] ይሄን ጭንቅላት ተሸክሞ እስከዛሬ መኖሩ! [ጮክ ብሎ] ወንድምዬ፣ ነገሩን ላሳጥረው። ሁለታችንም ከምንሰጥም አንዳችን እንውጣ። ግማሽ ድርሻህን በአርባ ሺህ ልግዛህ። ከኪሴ ነው፣ ለአንተ ብዬ።

አናጢው፦ አርባ ሺህ? ጋሼ፣ ይሄን ጣሪያ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት! አንድ ጣቴ እዚህ ነው የቀረችው!

ሒሳበኛው፦ ጣትህ መዝገብ ላይ የለችም።

አናጢው፦ እኔስ ምን በልቼ ላድር ነው?

ሒሳበኛው፦ ደሞዝ እቆርጥልሃለሁ፤ ተቀጥረህ ትሠራለህ።

አናጢው፦ በገዛ መዶሻዬ?

ሒሳበኛው፦ እሱም አርጅቷል።

አናጢው፦ መዝገቡ ግን እውነት ነው?

ሒሳበኛው፦ [ደረቱን እየደቃ] እያንዳንዷ ቁጥር! እፈርምልሃለሁ። [ይፈርማል] ይኸው። የግማሹ ዋጋ አርባ ሺህ፤ አይጨመር፣ አይቀነስ።

አናጢው፦ እማዬ አንድ ዳቦ ለሁለት ስትሰጠን ምን ትል ነበር?

ሒሳበኛው፦ አሁን ዳቦን ምን አመጣው? «አንዱ ይቁረጥ፣ ሌላው ይምረጥ» ነበር የምትለው። እና?

አናጢው፦ ስንጀምር ውላችን ላይም እሷው ናት ያጻፈችን። [ከቱታው ኪስ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል] አንዱ ዋጋ ከቆረጠ፣ በዚያው ዋጋ መሸጥ ወይም መግዛቱን ሌላው ይመርጣል። አንተ ቆረጥክ፣ እኔ መረጥኩ። [ወፍራም ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል] አርባ ሺህ። ገዛሁህ።

ሒሳበኛው፦ ከየት አባትህ አመጣኸው?!

አናጢው፦ ሚስትህ ዋጋውን ትናንት ለሚስቴ ሹክ ብላት፣ የኔዋ ጌጧን ሸጣ ሞላችልኝ።

ሒሳበኛው፦ [አመድ መስሎ] ቆይ፣ ቆይ! ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት በአርባ ሺህ?

አናጢው፦ ከስሯል አልክ እኮ። እኔ ልስጠም፣ አንተ ውጣ። ለአንተ ብዬ ነው።

ሒሳበኛው፦ [መሳቢያውን ከፍቶ ሌላ መዝገብ ያወጣል] ይኸው! እውነተኛው ይሄ ነው! ትርፉን ተመልከት!

አናጢው፦ ውይ፣ ሁለት ናቸው እንዴ? ያኛውስ?

ሒሳበኛው፦ ያኛው… ለግብር ሰብሳቢው ነው።

አናጢው፦ ለግብር ሰብሳቢውና ለወንድምህ። ጋሼ፣ እኔ መቼም አይገባኝም፣ እርዳኝ። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሽጥልኝ። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ግብር ቢሮ ይዘነው እንሂድ፤ አገርም ዕውር ሆና አትቅር። የትኛው ነው?

ሒሳበኛው፦ [ላቡን እየጠረገ] የ… የመጀመሪያው።

አናጢው፦ ተባረክ። እዚህ ጋ ፈርም።

ሒሳበኛው፦ [ይፈርማል] ወንድምዬ… ሒሳብ ጸሐፊ ያስፈልግሃል እኮ። ደሞዝ ቆርጠህልኝ ወንበሬ ላይ ብቀመጥስ?

አናጢው፦ እስቲ እናስላው። [እርሳሷን ከጆሮው ያወርዳል] እዚህ ወንበር ላይ ስንት ዓመት ተቀመጥክ?

ሒሳበኛው፦ አሥራ አንድ።

አናጢው፦ በየዓመቱ አንድ አምስተኛ ሲቀነስ… [በጣቶቹ ይቆጥራል] ኧረ ጋሼ! ዜሮ ከሆንክ ስድስት ዓመት አልፎሃል። የሒሳብ ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።

ሒሳበኛው፦ መላጊያውም ዜሮ ነው! እሱን ግን ታሠራዋለህ!

አናጢው፦ እሱ ሒሳብ አያውቅማ! ዝም ብሎ ይሠራል።